አዝማሪው እየተጫወቱ ሳሉ ዐረፉ፤ በእጄ የቀረውን ድምፃቸውን ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ የምረቃ ዓመት ተማሪ፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። በአማርኛ ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍና ፎክሎር ትምህርት ዘንድሮ የምመረቅ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በጎጃም አዝማሪዎች የ“ተቀበል” ግጥም ላይ ነው። ይህን የምጽፈው ከእኔ ዕድሜና ዕውቀት በላይ የሆነ ጉዳይ ስለገጠመኝ፣ ልማዱንም ሕጉንም የምታውቁ ሰዎች እንድታማክሩኝ ነው።

ዕለቱ ገና ከጠዋቱ የተጣበበ ነበር። የመውጫ ፈተናው ስለተቃረበ ከጓደኞቼ ጋር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን የቆዩ ጥያቄዎችን ስንሠራ አረፈድን። ከምሳ በኋላ ለጽሑፌ ዋና መረጃ አቀባይ ወደሆኑት አዛውንት አዝማሪ ቤት ሄድኩ። ከፋሲካ ወዲህ ያለው የሠርግ ወቅት ፋታ ስላልሰጣቸው ቀጠሮውን ያገኘሁት በብዙ ልመና ነበር። የማሲንቋቸውን ደጋን በዕጣን ሙጫ ቀስ እያሉ እያሹ፣ አንዷን የፈረስ ጭራ ክር በመቃኛው አንዴ እያጠበቁ አንዴ እያላሉ፣ ስለ ትዝታና ስለ አምባሰል ቅኝት አስረዱኝ። ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር በሞጣና በቢቸና መካከል ከሠርግ ሠርግ በእግር ይዞሩ እንደነበርም አጫወቱኝ። ድምፃቸውን ለጥናቱ መቅዳት እችል እንደሆነ ስጠይቃቸው “ቅዳው፣ ለልጆችም ይቀመጥ” አሉ፤ ይህ ፈቃዳቸው በቀረጻው መጀመሪያ ላይ በራሳቸው አንደበት ይሰማል።

ማታ ደግሞ ወደሚጫወቱበት አዝማሪ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። መቅረጸ ድምፁን ከፊታቸው ባለው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ታዳሚው “ተቀበል!” እያለ ግጥም ያቀብላቸዋል፤ እርሳቸውም እየተቀበሉ፣ አንዳንዱን ቃል እያቃኑ፣ በማሲንቋቸው ይመልሱታል። በመካከል ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ማንም ሳያቀብላቸው ይህን አሉ፦

አንተ በመጽሐፍህ፣ እኔ በጭራዬ፣
ሁለት ተማሪ ነን፣ አንድ ነው ጌታዬ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ጥቂት ቆይተው ደጋኑ በእጃቸው እንዳለ ዝም አሉ። የሚቀጥለውን ግጥም የሚያስቡ መስሎን ጠበቅን። ደረታቸውን ይዘው ወደ ጎን ሲያዘነብሉ የቤቱ ባለቤት ጮኸች። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስናቸው፤ ሆኖም ሌሊቱ ሳይጋመስ ዐረፉ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

መቅረጸ ድምፁ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ መቅዳቱን አላቆመም ነበር። ሰዎች ሲጯጯሁ፣ ማሲንቆው ከእጃቸው ሲወድቅ፣ ከዚያም ባዶ የቀረው ቤት ዝምታ ሁሉ በውስጡ አለ። ቀብራቸው በትውልድ ቀያቸው በሞጣ አካባቢ ተፈጽሟል፤ እኔም ተገኝቻለሁ። ሠልስታቸው አልፏል፣ አርባቸው ግን ገና ነው። ለቤተሰቡ እስካሁን ምንም አልተናገርኩም። አንዳንድ ጓደኞቼ “የመጨረሻ ድምፃቸው ስለሆነ ቶሎ ስጣቸው” ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ “በሐዘን ቤት ዘፈን ይዞ መግባት ነውር ነው” ይላሉ። ለቤተሰቡ መቼና በማን በኩል ልንገር? የጨዋታውን ክፍል በጽሑፌ መጠቀም እችላለሁ? ያንን የመጨረሻ ክፍል ግን ምን ላድርገው? ለፈተናው ለማንበብ ስቀመጥ እንኳ የሚሰማኝ እርሱ ብቻ ነው።


መልስ፦ የፎክሎር መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናህ። ያጣኸው መረጃ አቀባይ ብቻ ስላልሆነ አንተም ሐዘንተኛ ነህ፤ ሰው “አንተ ምናቸው ነህና” ቢልህም አትስማው።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ በእጅህ ያለው ቀረጻ ፈቃዱ የማይመሳሰል ክፍል አለው። የከሰዓት በኋላው ቃለ ምልልስና የማታው ጨዋታ እርሳቸው እያወቁና ወደው የሰጡህ ነው። ከዝምታቸው በኋላ ያለው ግን በሰው ላይ የደረሰ አደጋ እንጂ ክዋኔ አይደለም፤ ስለዚህ “ቅዳው” ያሉት ቃል እርሱን አይሸፍነውም። ይህን ክፍል በጽሑፍህ አትገልብጠው፣ ለአማካሪህም ቢሆን አታሰማው፤ በጽሑፉ ውስጥም የሞታቸውን ሁኔታ አትተርክ። ቀረጻው በተደረገበት ዕለት ሌሊት ማረፋቸውን በግርጌ ማስታወሻ መግለጽ ይበቃል።

አሁኑኑ የምትሠራው ሥራ ግን አለ። ዋናውን ፋይል ሳትነካ ሁለት ቦታ ላይ አስቀምጠው፤ አንዱ በአንተ ኮምፒውተር፣ ሌላው ከቤትህ ውጭ በታመነ ሰው እጅ ባለ የታሸገ ፍላሽ ላይ ይሁን። ከዚያ ከዋናው ቅጂ አውጣና ጨዋታው ባበቃበት ላይ ቁረጠው፤ የምትሠራበትም፣ ለቤተሰብ የምትሰጠውም ይህ የተቆረጠው ይሆናል። ዋናው በዋቭ የተቀዳ ከሆነ ወደ ኤም ፒ ስሪ ለውጠህ ዋናውን እንዳታጠፋው፤ የማሲንቆ ረቂቅ ድምፅ በመጨመቅ ይጎዳል። በቴሌግራም ለማንም አትላክ። አንድ ጊዜ ከወጣ በማግሥቱ “የአዝማሪው የመጨረሻ ደቂቃ” ተብሎ በየቡድኑ ሲዞር ታገኘዋለህ፣ ያን ጊዜ የምትመልስበት መንገድ የለም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተጫወቱበትን ቅኝትና የመቅረጫውን ዓይነት ሳይረሳህ ዛሬውኑ ጻፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትኛውን ግጥም ታዳሚ እንዳቀበላቸው፣ የትኛውን ራሳቸው እንዳፈለቁት ለይተህ መዝግብ። በ“ተቀበል” ሥርዓት ገጣሚውና ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ያልለየ ጥናት የሰውን ግጥም ለአዝማሪው፣ የአዝማሪውንም ለሰው ይሰጣል። ወደ አንተ ዞረው ያሏት ግጥም ግን ያለጥርጥር የእርሳቸው ናት።

ስለ ሕጉም ልንገርህ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኙ፣ ማለትም ተጫዋቹ፣ ክዋኔው እንዲቀዳ፣ እንዲባዛና ለሕዝብ እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት ይሰጠዋል፤ ይህም መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ከዋኙ ሲሞት መብቱ የወራሾቹ ነው። ጥቂት ስንኞችን ለትምህርት ጽሑፍ ጠቅሶ መተንተን አያስከስስህም፤ ድምፁን በዩቲዩብ መጫን ወይም ለሬዲዮ መስጠት ግን ያለቤተሰቡ ፈቃድ የማይሞከር ነው። ስለዚህ ለቤተሰቡ የፈቃድ ቅጽ አዘጋጅና በምትሄድበት ጊዜ ይዘህ ሂድ።

ቀረጻውን ቀላል ነገር አድርገህ እንዳታየው። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ድምፅ ዛሬ የምንሰማው ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር በሸክላ ስለተቀዳ ነው። ከእርሳቸው ዘመን በፊት የነበሩት አዝማሪዎች ስንኛቸው በሰው አፍ ተርፎ ይሆናል፤ ድምፃቸውና የደጋናቸው አመታት ግን አብሯቸው ተቀብሯል።


መልስ፦ የአዝማሪ ልጅ፣ ፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ ሐዘንህ ሐዘናችን ነው። መምህሩ ያሉት ስለ ፋይሉ አያያዝ ትክክል ነው፤ ቅጽ ይዘህ ሂድ ባሉት ግን አልስማማም፤ ምክንያቴንም ዘርዘር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ።

የእኔም አባት አዝማሪ ነበር። ሲሞት እናቴ ማሲንቆውን በነጠላ ሸፍና ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ማንም እንዳይነካው ከለከለች። ልቅሶው ገና ትኩስ ሳለ አንድ የአጎቴ ልጅ ለደግ አስቦ የአባቴን የቆየ ካሴት በድንኳኑ ውስጥ ከፈተው። ድምፁ እንደተሰማ ሙሾ የምታወርደው ሴት ዝም አለች፣ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ፣ እናቴ ደግሞ “መጣ!” ብላ ተነሣች። ያቺ “መጣ” ያለችው ቃል ከቀብሩ ይልቅ እኔን ጎዳችኝ። በሌላ ቤት ሟች ሲሞት ድምፁ አብሮት ያርፋል፤ የአዝማሪ ቤተሰብ ግን የሞተውን ሰው ድምፅ ባላሰበበት ቀንና ቦታ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ መቼና የት እንደሚሰሙት የመወሰን መብት ከሁሉ በፊት ሊከበርላቸው ይገባል።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ለአርባቸው እንደማንኛውም ለቀስተኛ ሂድ። አቅምህ የፈቀደውን ለተዝካሩ አግዝ፤ ባዶ እጅህንም ብትሆን ውኃ መቅዳትና እንግዳ ማስተናገድ አያንስም። “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብለህ ተቀመጥ፣ ስልክህን አታውጣ፣ ስለ ጥናትህም አትናገር። ፍትሐቱ ካለቀ፣ እንግዳውም ከተሸኘ በኋላ በቤተሰቡ ዘንድ ነገር የሚጠየቀውን ታላቅ ሰው፣ ወንድማቸውን ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ለብቻ ጠርተህ “በዚያ ቀን አጫውተውኝ ነበር፤ ድምፃቸው በእጄ አለ፤ ስትፈልጉ አመጣላችኋለሁ” በል። ከዚህ በላይ በዚያ ቀን አትጨምር። አንዳንዱ ወዲያው ይፈልገዋል፣ አንዳንዱ ሙት ዓመቱ ይለፍ ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የወረቀቱ ነገር የማያስኬድበት ሌላም ምክንያት አለ። አዝማሪ ቤተሰብ በወረቀት ብዙ ተጎድቷል። ቀድቶ የሄደ፣ ካሴት አሳትሞ የሸጠ፣ ሲጠየቅም “ፈርማችኋል” ያለ ሰው በየቤታችን ይታወሳል። ለእናቴ የሐዘን ልብሷን ሳታወልቅ የሚፈረም ወረቀት ይዞ የመጣባት ሰው በአባቴ ድምፅ ሊነግድ የመጣ ሆኖ ይታያት ነበር። ቅጹ ይቆይ፤ መጀመሪያ ድምፁን በእጃቸው አስገባ፣ ይስሙት፣ የእነርሱ መሆኑን ይወቁ። ፈቃዱ ከዚያ በኋላ ይጠየቃል፤ ከሰጡህም በሙሉ ልባቸው ይሆናል።

ስለ መጨረሻው ክፍል ደግሞ፣ መኖሩን ሳትደብቅ ለዚያው ለአንዱ ታላቅ ሰው ብቻ ንገረው። ለባለቤታቸው ግን አንተ አትንገር፤ የሚነገር ከሆነ በቤተሰቡ አንደበት ይነገራት። እኔ ብሆን የአባቴን የመጨረሻ ድምፅ መስማት እፈልግ ነበር፤ እኅቴ ግን በፍጹም አትፈልግም ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ ይህን ያህል የምንለያይ ከሆነ፣ ከውጭ የመጣ ሰው በእኛ ፈንታ ሊወስን አይችልም። ያችን ለአንተ ያሏትን ግጥም ግን ለልጆቻቸው በቃልህ ንገራቸው። በዚያ ምሽት አባታቸው ደስ ብሏቸው ይጫወቱ እንደነበር ማወቅ አለባቸው።


መልስ፦ ከቡሬ

እኔ አጭር ሐሳብ አለኝ። የመጨረሻውን ክፍል ዛሬውኑ አጥፋው። ሰው ነፍሱ ስትወጣ መሰማት የለበትም፤ ፈቃዱም የለም፤ መምህሩም ፈቃዱ እንደማይሸፍነው ተናግረዋል። የሚሰማው ሰው ከሌለ ለምን ይቀመጣል? ፍላሽ ይጠፋል፣ ኮምፒውተር ይሰረቃል፣ የተቆለፈም ይከፈታል። ለቤተሰቡ መኖሩን መንገር ራሱ ሸክም መጫን ነው፤ የማያውቁት ነገር እንቅልፍ አይነሳቸውም።


መልስ፦ የፎክሎር መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

የቡሬው ወንድማችን ስጋት እውነት አለው፤ በማጥፋቱ ላይ ግን የምለየው የጠፋ ነገር ስለማይመለስ ነው። ተማሪው ዛሬ ቢያጠፋው ውሳኔውን ከቤተሰቡ ነጥቆ ለራሱ ወሰደ ማለት ነው። ነገ ልጃቸው “አባቴ በመጨረሻ ምን ብሎ ነበር?” ብሎ ቢጠይቀው መልስ አይኖረውም። ቤተሰቡ ሰምቶም ሆነ ሳይሰማ “ይጥፋ” ካለ፣ በፊታቸው ዋናውንም ቅጂውንም ያጥፋው። እስከዚያው ድረስ ግን አደራ ጠባቂ ነው።

የፍኖተ ሰላሟ እኅታችን ስለ ቅጹ የተናገረችውን ደግሞ ተቀብያለሁ። ፈቃድ በጽሑፍ እንዲሆን የሚጠይቀው የትምህርት ክፍሉ ነው፤ ጊዜውን ግን የሐዘኑ ልማድ ይወስነው። አማካሪህን አነጋግረህ የወራሾቹን ፈቃድ ከአርባው በኋላ እንደምታመጣ አስመዝግብ። እርሳቸው ራሳቸው በድምፅ የሰጡህ ፈቃድ ስላለ እስከዚያ ድረስ ትንተናህን መቀጠል ትችላለህ።


መልስ፦ ባለፈው ዓመት የተፈተነች፣ ዳንግላ

ስለ ፈተናው ማንም ስላላነሣ ልጨምር። ለማለፍ የሚፈለገው 50 ከመቶ ነው፤ በዚህ ሐዘን ውስጥ ሆነህ ሁሉንም ትምህርት እኩል ለመሸፈን አትድከም። ለብቻህ ተቀምጠህ ማንበብ ካስቸገረህ ጠዋት ጠዋት ከጓደኞችህ ጋር የጀመርከውን ጥያቄ መሥራት አታቋርጥ፤ ሰው እያስረዳህና እየጠየቀህ ሲሆን ሐሳብህ ያን ያህል አይሸሽብህም። ቀረጻውን የመገልበጡን ሥራ ግን እስክትፈተን ተወው። እስከ ሌሊት ድምፃቸውን ስትሰማ አምሽተህ ጠዋት ለመፈተን መቀመጥ ከባድ ነው። ፈጽሞ የማትችል ከሆነ አስቀድመህ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አመልክት፤ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ምክንያት ብዙ ጊዜ አይሰማም።


ጠያቂው፦ የምረቃ ዓመት ተማሪ፣ ባሕር ዳር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መልሶቻችሁን ደጋግሜ አነበብኩ። እንደ እኅታችን ምክር እስከ አርባው ልቆይ አስቤ ነበር፤ ሆኖም የሟች ታናሽ ወንድም ማሲንቆውንና ልብሳቸውን ሊወስዱ ባሕር ዳር ድረስ መጡ። “የዚያን ቀን ከአንተ ጋር ነበር የዋለው አሉ” ብለው እርሳቸው ራሳቸው ጠየቁኝ። ሲጠይቁኝ መደበቅ ስላልቻልኩ የቀረጻውን መኖር፣ የመጨረሻውንም ክፍል ጭምር ነገርኳቸው።

ብዙ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ የከሰዓት በኋላውን ቃለ ምልልስ ብቻ በስልካቸው እንድጭንላቸው ጠየቁ። የማታውን ጨዋታ ከአርባው በኋላ ሞጣ ድረስ እንዳመጣላቸው ተስማማን። የመጨረሻውን ክፍል በሚመለከት “እኔ አልሰማውም፤ ልጁ አድጎ ራሱ እስኪጠይቅህ ድረስ ይቀመጥ፤ ለእናቱ ግን እንዳይነገር” አሉኝ። ስለዚህ መምህር እንዳሉት ለይቼና ቆልፌ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ቀርቶኛል። በትምህርት ክፍላችን ልማድ መረጃ አቀባዮች በስማቸው አይጠሩም፤ “መረጃ አቀባይ 1” እየተባሉ ነው የሚጻፉት። ወንድማቸው ይህን ስነግራቸው አዘኑ። “ወንድሜ ዕድሜውን በሙሉ በስሙ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው፤ ከነአባቱና ከነአያቱ ስም ካልጻፍከው ምኑን ጻፍከው?” አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?


መልስ፦ የፎክሎር መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

ስማቸውን ጻፈው። ስም የሚሰወረው መታወቁ ሰውየውን የሚጎዳው ሲሆን ነው፤ የጥበብ ሰው በጥበቡ ሲጠና ግን ስሙን መሰወር የድካሙን ዋጋ መንሳት ይሆናል። ለአማካሪህ የወንድማቸውን ጥያቄ በጽሑፍ አቅርብ። ከአርባው በኋላ በምታገኘው ፈቃድ ላይም “ስማቸው እስከ አያት እንዲጻፍ ቤተሰቡ ጠይቋል” የሚል መስመር አስገባና በአባሪ አያይዘው። ከታዳሚው የተቀበሏቸውን ግጥሞች ያቀበሉት ሰዎች ስም ግን ፈቃዳቸውን እስካላገኘህ ድረስ አይግባ። በየግጥሙ ግርጌም “ከታዳሚ የተቀበሉት” እና “የራሳቸው” እያልህ ለይ። ጽሑፉ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ ከምታስገባው ጋር አሳትመህ ሞጣ ላክላቸው።